ጦርነቱ እሁድ ያልቃል

አባቴ ዓርብ ዕለት ደብረ ብርሃን አረፈ፤ ቅዳሜ ተቀበረ። እኔ እሁድ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሰርግ ላይ ትከሻዬ እስኪገነጠል ጨፈርኩ። ባሌ በፈቃዱ የአባቴን ሞት ከዓርብ ጀምሮ ያውቅ ነበር። ለሰርጉ የለበስኩትን ቀሚስ ዚፕ ከኋላዬ ቆሞ የዘጋልኝ እሱ ነው።

ይህን ለሰው ስናገር ሁሉም ተመካክሮ የመጣ ይመስል አንድ መልስ ነው የሚሰጠኝ፤ «ወግ ነው እኮ እታለማሁ፤ መርዶ ዝም ተብሎ አይነገርም» ይሉኛል። ወጉንማ እኔም አውቀዋለሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ ትልልቅ ሰው ይጠራል፣ በማለዳ በር ይንኳኳል፤ ባለቤቱ ያን ሁሉ ሰው ደጁ ላይ ሲያይ ሳይነገረው ይገባዋል። ወንድሜ ኃይለልዑል እኔን ትቶ ለባሌ የደወለውም ለዚህ ነው። «ሰው ሰብስበህ ንገራት፤ አደራ፣ ብቻዋን እንዳትሰማ» አለው። እስከዚህ ድረስ ማንም ያጠፋ የለም።

ከዚያ ወዲያ ያለው እንዲገባ ግን ነገሩን ከጨዋታው መጀመር አለብኝ።

በፈቃዱ የኤርፖርት ታክሲ ነጂ ነው። የኤርፖርት ታክሲ ሥራው ግማሹ መንዳት፣ ግማሹ ወረፋ መጠበቅ ነው። ድሮ ሾፌሮቹ ተራ እስኪደርሳቸው ከመኪና ወርደው ካርታ ይጫወታሉ፣ በፖለቲካ ይጨቃጨቃሉ፣ ይኳረፋሉ፣ ይታረቃሉ። ስማርት ፎን ሲመጣ ሁሉም በየመኪናው ተከተተ። ያኔ ነው ቢራቱ የሚባለው ጓደኛው አንድ የመንደር ጨዋታ ያሳየው። መንደር ትቆረቁራለህ፣ አጥር ታጥራለህ፣ ወታደር ታሠለጥናለህ፤ ከዚያ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ቡድን ትገባና የሌላውን ቡድን መንደር ትወራለህ፤ ጦርነቱ በተቆረጠለት ቀን ሲያልቅ ብዙ ኮከብ የሰበሰበ ያሸንፋል። ቢራቱ በሳምንቱ ሰለቸውና ተወው። የእኔው ባል ገብቶ ቀረ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እውነት ነው፤ መጀመሪያ ላይ እኔም አብሬው ስቄያለሁ።

እዚያ ውስጥ ስሙ «ፊታውራሪ» ነው። ከብራዚል፣ ከፊሊፒንስ፣ ከቱርክ የተሰባሰበ ሃምሳ ሰው ያዛል። «ልጆቼ» ነው የሚላቸው። እኛ ልጅ አልወለድንም። ቤቱ ውስጥ የተቃጠለ አምፖል የማይቀይር ሰው እዚያ ምሽግ ያስገነባል። ራት ላይ «መጣሁ» ብሎ መታጠቢያ ቤት ይገባል፤ እንጀራው ጠርዙ ደርቆ እስኪጠቀለል አይወጣም። መጨረሻ ላይማ ወረፋው ደርሶት ሳያይ የኋላዎቹ ክላክስ እየነፉ ጥለውት መሄድ ጀመሩ።

ያልሞከርኩት የለም። ቻርጀሩን ደበቅኩ፤ ሌላ ገዛ። አኮረፍኩ፤ ኩርፊያዬ ተመቸው፣ የሚያቋርጠው ሰው ጠፋ። ወደ ንስሐ አባታችን ወሰድኩት። ነገሩን ለአባ ለማስረዳት ስንት ደከምኩ መሰላችሁ፤ በመጨረሻ «ታዲያ ይሄ ገበጣ አይደል እንዴ ልጄ?» አሉኝ። ጸበልም አስጠመቅኩት። ከጸበሉ ሲወጣ እየተንቀጠቀጠ እጁን ዘረጋልኝ፤ ፎጣ ሳቀብለው «ስልኬስ?» አለ።

በመጨረሻ ዓብዩን አገኘሁ። ዓብዩ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሱስ የያዛቸውን የእኛን ሰዎች የሚረዳ ሶሻል ወርከር ነው። የሚረዳው መጠጥ፣ ቁማር፣ ጫት የያዘውን ሰው ስለሆነ ይስቅብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልሳቀም።

«በጨዋታ ምክንያት ስትመጪ የመጀመሪያዋ አይደለሽም» አለኝ። «ግን እስቲ ንገሪኝ፤ ጨዋታው ለእሱ ምን ይሰጠዋል?»

ይህን ጠይቄ አላውቅም ነበር። አሰብኩና «ይፈልጉታል» አልኩት። ተሳፋሪ ስሙን አይጠይቀውም፤ የሚያየው ማጅራቱን ነው። እነዚያ ሃምሳዎቹ ግን እሱ ካልገባ ጦርነት አይጀምሩም።

«በይ እንግዲህ፤ ያንን ሌላ ቦታ ካላገኘ ስልኩን ብትከሰክሽውም ሌላ ይገዛል» አለኝ።

እንዲህ ሆነን ተስማማን፦ ስማርት ፎኑ እኔ ዘንድ ይቀመጣል፤ እሱ የሚታጠፈውን አሮጌ ስልክ ይይዛል። በየሳምንቱ ዓብዩ ዘንድ ሄዶ እንደሱ ካሉ ሰዎች ጋር ተቀምጦ ያወራል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችንን አዛውንቶች በታክሲው ወደ ሐኪምና ወደ ገበያ ያደርሳል፤ የሚጠብቀውና ስሙን ጠርቶ የሚመርቀው ሰው እንዲያገኝ ነው። ለእኔም ዓብዩ አንድ ነገር ደጋግሞ ነገረኝ። «መውደቁ አይቀርም፤ ሲወድቅ አትደንግጪ። ወደቅኩ ብሎ ራሱ ከነገረሽ እየዳነ ነው። ደብቆ ካገኘሽው ግን ገና ነው» አለኝ።

ተለወጠ። ወይም ተለወጠ ብዬ አመንኩ። ላንግሊ ፓርክ አጠገብ ካለው የአረጋውያን መጦሪያ ሺፍቴን ጨርሼ፣ ያን ሁሉ መንገድ ነድቼ አሌክሳንድሪያ ቤቴ ስደርስ ፓስታ ሠርቶ ይጠብቀኛል። ጨው የበዛበት ፓስታ እያመሰገንኩ በላሁ። የሰው ባል ሲታማ «የእኔስ ዳነ» ማለት ጀመርኩ። አባቴንም በስልክ ነገርኩት። አባቴ ሳቀና «ተመስገን፤ ሰውየው ወደ ቤቱ ገባልሽ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ብዙም አላወራንም፤ ሕመሙ ጠናበት። ሳላውቅ ዋሽቼው ነው የሞተው፤ ይሄ እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

ዓርብ ዕለት በፈቃዱ ራት ላይ ዝም አለ። ደክሞት ነው ብዬ ሻይ አፈላሁለት። ቅዳሜ «አዛውንቶቹን ላድርስ» ብሎ ወጣ። እሁድ የኤፍራታ ሰርግ ነበር። ኤፍራታ የእትዬ ልሳነወርቅ ልጅ ናት፤ እትዬ ልሳነወርቅ ደግሞ ወደዚህ አገር ስመጣ እጄን ይዘው ሥራ ያስገቡኝ፣ እንደ እናት የማያቸው ሴት ናቸው። እና ለኤፍራታ ሰርግ መስታወት ፊት ቆሜ «ሐምራዊውን ልልበስ ወይስ ሰማያዊውን?» ብዬ ባሌን ጠየቅኩት። የአባቴ አፈር ገና ሳይደርቅ ባሌን የቀሚስ ቀለም አማከርኩት። «ሐምራዊው ያምርብሻል» አለኝ።

አዳራሽ ገብተን ምሳ እንደበላን «እዚህ በጣም ይጮሃል፤ አየር ልቀበል» ብሎ ወጣ። አልጠረጠርኩም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም። ዲጄው የአገሬን ጭፈራ ሲለቀው ቀለበት ሠራን፤ እኔን መሃል አስገቡኝ። ወረድኩበት። ሴቶቹ እልል አሉ። አንድ ሰውዬ ግንባሬ ላይ ዶላር ለጠፈልኝ።

ስሂን ሀያትስቪል የምትኖር የሰፈሬ ልጅ ናት፤ ደብረ ብርሃን እናቷና አባቴ አንድ አጥር ነው የሚለያቸው። ለሙሽራዋም ዘመድ ስለሆነች ዘግይታም ቢሆን መጣች። ጥቁር ለብሳለች። በቀለበቱ መሃል ሰንጥቃ መጣችና ክንዴን ያዘችኝ። ስትጨፍር መስሎኝ ትከሻዬን ሰጠኋት።

«እታለም፣ እንዴት ቻልሽው?» አለችኝ።

«ምኑን?» አልኳት እየሳቅኩ።

ፊቷ ጠቆረ። አፏን በእጇ ያዘች። ለካ እሷ መርዶው የተነገረኝ፣ እኔ ደግሞ ልቤን አደንድኜ የመጣሁ መስሏታል። ለካስ ከጥግ የተቀመጡት የደብረ ብርሃን ሴቶችም ከምሳ ጀምሮ እያዩኝ «አይ የአሜሪካ ልብ!» ሲባባሉ ነበር። ግንባሬ ላይ የተለጠፈው ዶላር መሬት ወደቀ። ማንም ምንም ሳይለኝ «አባባ ነው አይደል?» አልኩ።

እትዬ ልሳነወርቅ የሙሽራ እናት ልብሳቸውን እንደለበሱ አቅፈው ሙሽሮቹ ወደለበሱባት ክፍል አስገቡኝ። ነገሩኝ። ጮህኩ፤ ደረቴን ደቃሁ። የልጃቸው ሰርግ መሆኑን ሳስብ ደግሞ ጩኸቴን በገዛ እጄ አፈንኩት። ለአባቴ ጮክ ብዬ የማለቅስበት ቦታ እንኳ አልነበረኝም።

«በፈቃዱስ? በፈቃዱ ያውቃል?» አልኳቸው።

ስሂን እያለቀሰች «ወንድምሽ ዓርብ ዕለት ኮል አደረገለት እኮ! እኔው ሰው ሰብስቤ እነግራታለሁ ብሎታል አሉኝ» አለች።

በባዶ እግሬ ወደ ፓርኪንጉ ወረድኩ። ሴቶቹ ከኋላዬ ተከተሉኝ። ታክሲው አጥሩ ጥግ ቆሟል። በፈቃዱ ወንበሩን ወደኋላ ገፍቶ፣ አይቼው የማላውቀውን ስልክ በሁለት እጁ ይዞ፣ አውራ ጣቶቹ እንደ ጥጥ ፈታይ ይሠራሉ። መስኮቱን አንኳኳሁ። ቀና ሳይል አንድ ጣቱን አነሳና «አንዴ፣ አንዴ ጠብቂኝ እታለም፤ እያለቀ ነው» አለኝ።

ከዚያ ከኋላዬ የቆሙትን ሴቶች አየ። ስልኩን ጭኑ ሥር ወሸቀ። ከመኪናው ወርዶ አንገቴ ላይ ተጠመጠመና «ወይኔ አባባ!» ብሎ ከእኔ በላይ ጮኸ። እኔ እጄን ወደ ወንበሩ ሰደድኩና ስልኩን ወሰድኩት። ጦርነቱ አላለቀም፤ መንደሩ እየተቃጠለ ነበር። ለስሂን ሰጠኋት፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ከዚያው ቀን ጀምሮ አሌክሳንድሪያ ያለው አፓርታማችን በሰው ሞላ። ሰው ምግብና ውሃ እየተሸከመ መጣ፣ ወንበር ከቤተ ክርስቲያን መጣ። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥኩ። በፈቃዱ ጥቁር ጃኬት ለብሶ በሩ ላይ ቆሞ ሰው ይቀበላል፣ ሰው ይሸኛል። የገባው ሁሉ እጁን ይዞ «ጎበዝ፤ የሰው ሰርግ ሳይረበሽ፣ እሷም አንድ ቀን ትደሰት ብለህ ይዘኸው ቆየህ» ይለዋል። ሰርግ ሲኖር መርዶ ይዘገያል፤ ይሄም ወግ ነው። እሱ ታዲያ አንገቱን ደፍቶ ምርቃቱን ይቀበላል። እኔ ጥግ ተቀምጬ እሰማለሁ።

በማግስቱ መኝታ ቤት ጠራሁትና በሩን ዘጋሁ።

«ለሰርጉ ብለህ ነው?» አልኩት።

መጀመሪያ «አዎ» አለ። ትክ ብዬ ሳየው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ጦርነቱ እሁድ ነበር የሚያልቀው» አለኝ። «ዓርብ ብነግርሽ ቤቱ በሰው ይሞላል። ስልክ መንካት አልችልም። ልጆቹ ደግሞ እኔን ነው የሚጠብቁት... እሁድ ማታ እንዳለቀ ልነግርሽ ነበር። አባባ እንደሆነ አንዴ አርፏል ብዬ...»

«ስልኩንስ ከየት አመጣኸው?»

«ቅዳሜ አዛውንቶቹን ሳደርስ፣ እነሱ ሐኪም ቤት ሲቆዩ፣ ብቻዬን እሆናለሁ። ከበፊት ጀምሮ አለኝ። አንድ ቀንም አልተውኩትም እታለም።»

ይሄን ሲነግረኝ አልጮህኩም። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። አባቴ በሞተበት ሰዓት ባሌ አጠገቤ ነበር፤ አጠገቤ ሆኖ የአባቴን ሞት ለማያውቃቸው ሰዎች ሲል ኪሱ ውስጥ ይዞ ዞረ። እኔን ሐምራዊ አልብሶ፣ ሰው መሃል አቁሞ፣ የአገሬ ሴቶች እንዲታዘቡኝ አደረገ። ከሌላ ሴት ጋር ቢሄድ ኖሮ ይሄን ያህል የከዳኝ አይመስለኝም ነበር።

ዓብዩ ሊያጽናናኝ መጣ። ኩሽና ጠርቼ ሁሉንም ነገርኩት።

«ለቅሶ ላይ ሆነሽ ከቤት አውጪው ወይም አስቀሪው አልልሽም» አለኝ። «ግን አትሸፍኚለት። እውነቱንም አንቺ አትናገሪለት። ሱሱን የሚቀልበው ውሸቱ ነው፤ ውሸቱን ደግሞ ሰው ሁሉ እያጎረሰው ነው። ከአፉ ካወጣው መጀመር እንችላለን።»

ለበፈቃዱ ይህንኑ ነገርኩት። «በሠልስቱ ሰው ሁሉ ይሰበሰባል። ለምን እንደዘገየህ እውነቱን ተናገር። ከተናገርክ አልለይህም፤ ዓብዩ ዘንድ እጅህን ይዤ እሄዳለሁ፣ እንደ አዲስ እንጀምራለን። ካልተናገርክ ግን በቃን።» እጄን ይዞ አለቀሰ። «እናገራለሁ፤ እምልልሻለሁ» አለኝ። አትማል አልኩት።

በሠልስቱ ጸሎት ደረሰ፤ ሰው ቁርሱን ቀማመሰ። ጋሼ ተክለሃይማኖት ተነሡ። በዕድሜም በመከበርም የሰፈራችን አንደኛ ናቸው፤ እሳቸው ሲናገሩ ሰው ማንኪያ ያስቀምጣል።

«ሟቹን እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር» አሉ። «ለልጃችን ለእታለማሁ መጽናናትን ይስጥልን። አንድ ነገር ግን ሳልናገር አልቀመጥም። ዛሬ ሰው መርዶን በፌስቡክ በሚለጥፍበት ዘመን፣ በፈቃዱ ወጋችንን ጠብቆ፣ የጎረቤት ደስታ እንዳይደፈርስ ሐዘኑን ብቻውን ተሸክሞ ሦስት ቀን ቆየ። ያሳደገህ ይባረክ! እሷም ጨፈርኩ ብላ አትዘን፤ ያስጨፈራት ደግነቱ ነው።»

«እውነት ነው! እውነት ነው!» አለ ሰዉ። እትዬ ልሳነወርቅ እንባቸውን ጠረጉ፤ የልጃቸው ሰርግ ነዋ። ዓብዩ በሩ አጠገብ ቆሞ በፈቃዱን ያየዋል። እኔም አየሁት። በፈቃዱ ብድግ አለ። ልቤ ከእሱ ጋር ብድግ አለች፤ ይሄን ሁሉ አድርጎኝ እንኳ፣ ተናገር ወንድሜ፣ ተናገር የእኔ ጌታ እያልኩ በውስጤ ለመንኩት።

ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ» አለ። «እኔ... ለእሷ ብዬ ነው። ምን አደርጋለሁ፤ ስትደሰት ማየት ነው የምፈልገው።»

ተቀመጠ። ሰው ከግራ ከቀኝ ትከሻውን መታ መታ አደረገለት። ዓብዩ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ሰው ሲበተን፣ ወንበሩ ሲደራረብ፣ በፈቃዱ መጥቶ አጠገቤ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ዓይኖቹ አብጠዋል። ቀን ሙሉ ቆሞ ሲያስተናግድ እግሩም አብጧል፤ ጫማውን አውልቆ ያሻሽ ነበር።

«ይቅር በይኝ» አለኝ። «ጋሼ እንደዚያ ካሉ በኋላ እንዴት ብዬ ላፍርሰው? አፌ ተያዘ። ሌላ ጊዜ እናገራለሁ። ግን በቃኝ እታለም። በአባባ ነፍስ፣ ከዚያ ከፓርኪንጉ ወዲህ ዞር ብዬም አላየሁት። ሞቷል።»

አየሁት። ያረጀ መሰለኝ። ሰው ልቡ ሞኝ ነው፤ የእኔው ልብ እንደገና ሊያምነው ዳር ዳር ሲል ታወቀኝ። ጋሼ ተክለሃይማኖት ፊት ማን አፉን ይከፍታል ብዬ ለእሱ ምክንያት ስደረድርለት ራሴን ያዝኩት። ምናልባት ነገ ለዓብዩ ይነግረው ይሆናል አልኩ። ድካሙ፣ ለቅሶው፣ የእግሩ እብጠት ሁሉም አሳዘነኝ። እንዲሁ በምሬት፣ ሌላ ነገር ሳላስብ፣ ከአፌ አመለጠኝ።

«ለመሆኑ የአባቴን ሞት የደበቅክለትን ጦርነት ማን አሸነፈው?» አልኩት።

«እኛ!» አለ። ፊቱ ፈካ። ከሰርጉ ቀን ጀምሮ፣ ከዚያም በፊት፣ ከስንት ጊዜ ወዲህ እንደዚያ ሲፈካ አላየሁትም። «በአንዲት ኮከብ እኮ ነው የበለጥናቸው! መጨረሻ ላይ ያ የቱርኩ ልጅ ገብቶ...»

ወሬውን አቋረጠ። ስልኩን ከወንበሩ ላይ ስወስድ ጦርነቱ እንዳላለቀ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። ስልኩ ስሂን ቦርሳ ውስጥ ሀያትስቪል ሄዷል።

«በምን አወቅህ?» አልኩት።

እጁ ሳያዘው ወደ ጥቁሩ ጃኬቱ ኪስ ሄደ፤ ኪሱን ከውጭ ሸፍኖ ያዘ። ሰው ለአባቴ ሲያለቅስ፣ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ምርቃት ሲቀበል፣ ሦስተኛው ስማርት ፎን እዚያች ኪስ ውስጥ ነበር።

ተነሣሁና ጫማውን አንስቼ ፊቱ አስቀመጥኩለት። የማልጮህ መሆኔ አስፈራው መሰለኝ፣ «እታለም፣ እባክሽ» አለኝ።

«ዓብዩ ዘንድ ሂድ» አልኩት። «እዚያ ያሉት ይረዱሃል፤ እንዲተዉህም አልፈልግም። እኔ ግን አባቴን ገና አላለቀስኩትም፤ ውጣልኝና ላልቅስ።»